ኢንስትሩመንት ሬቲንግ ምንድን ነው? ሰልጣኙስ ለምን ይዝላል?

በሐምሌ ጠዋት ቦሌ አራብሳ ካለው ኮንዶሚኒየማችን በረንዳ ላይ ስቆም የአውሮፕላኑ ድምፅ ይሰማል፣ እሱ ግን አይታይም። ድንገት ደመናው ይቀደድና የማረፊያ መብራቱ ብቅ ይላል። አብራሪው እስከዚያች ቅጽበት ድረስ መሬት ላያይ ይችላል። ውጭውን ሳያይ መሣሪያዎቹን ብቻ አምኖ እንዲበር የሚፈቅድለት ማረጋገጫ ኢንስትሩመንት ሬቲንግ ይባላል። በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት መስፈርት ቢያንስ 40 ሰዓት የመሣሪያ ልምምድ ይጠይቃል፤ ከፊሉን ምድር ላይ በሲሙሌተር፣ ማለትም በረራን በሚያስመስል መሣሪያ፣ መሥራት ይቻላል።

ሥልጠናው ሰውን ከገዛ ሰውነቱ ጋር ያጣላል። አውሮፕላኑ ባልተለወጠ ፍጥነት መዞሩን ከቀጠለ፣ ከ20 ሰከንድ ገደማ በኋላ የውስጠኛው ጆሮ ፈሳሽ ዙሩን ይላመድና «ቀጥ ብለሃል» ይላል። ውሸቱን ነው። በ1954 በአሜሪካው ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ በተደረገ ጥናት፣ ይህን ሥልጠና ያልወሰዱ 20 አብራሪዎች ውጭው ሲጋረድባቸው ሁሉም አውሮፕላኑን መቆጣጠር ተስኗቸዋል፤ የቆዩት በአማካይ 178 ሰከንድ ነው። አንድ ምጣድ ቡና እንኳ አይቆላበትም።

መዛሉ ግን ከፍርሃት አይመጣም። የመጀመሪያው የአብራሪነት ፈቃድ ደስታው በዓይን ይታያል፤ ሰፈርህን ከላይ ታያለህ። እዚህ ግን ውጭውን እንዳታይ ግንባርህ ላይ ግርዶሽ ታስሮ የምታየው የመሣሪያዎቹን መርፌ ብቻ ነው። ስትጎብዝ ደግሞ ምንም አይፈጠርም፤ መርፌው ባለበት ይቆማል፣ በቃ። እናቴ «ዛሬስ የት በረርክ?» ስትለኝ መልሴ ሁልጊዜ «የትም» ነው። ይባስ ብሎ፣ ለመድኩት ስትል የሬዲዮ ንግግርና የማረፊያ ሥርዓት ይጨመርና ከፍታውን ስትጠብቅ አቅጣጫው ያመልጥሃል። ብዙው ሰው የሚተወው እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ወደ ኋላ የሄደ እየመሰለው። የሄደው ግን ወደ ኋላ አይደለም፤ ሸክሙ ነው የጨመረው።

እኔን ያቆየኝ ግቤን ማሳነሴ ነው። ለአንድ በረራ አንድ ነገር ብቻ፦ ዛሬ ከፍታዬን ከ100 ጫማ በላይ አላዛባም። ሌላው የቤት ልምምድ ነው። መብራት በጠፋ ማታ ስድስት ሲኒ በሁለት ረድፍ እደረድራለሁ፤ ዋናዎቹ መሣሪያዎችም ስድስት ናቸውና። የላይኛው መካከለኛ፣ ጠርዙ የተሸረፈው፣ ሰው ሠራሽ አድማስ ነው፤ አውሮፕላኑ ቀጥ ማለቱን ወይም ማዘንበሉን የሚያሳየው መሣሪያ፤ ዓይኔ ወደ ሌሎቹ ሄዶ ሁልጊዜ ወደ እሱ ይመለሳል። በስተቀኙ ያለው ከፍታ መለኪያ ነው፤ የሚለካው ከባሕር ወለል ስለሆነ ቦሌ መሬት ላይ ቆሞም ከ7,600 ጫማ በላይ ያነባል።

ትናንት እናቴ የተሸረፈውን ልታነሳ ስትል «አድማሴን ተዪልኝ» አልኳት።

«ቡናው ሲፈላ ትመልሰዋለህ» አለችኝ።