«ቁጥሩ ውስን ነው» እና ሌሎች የስፖርት መኪና ተረቶች

ሥራዬ ሰዎች ውድ የስፖርት መኪና ከመግዛታቸው በፊት ከሥሩ ገብቶ ማየት ነው። «ቁጥሩ ውስን ስለሆነ ዋጋው አይወርድም» የምትለዋን ነገር ከመስማቴ ብዛት ሰልችታኛለች።

ይወርዳል እንጂ! ፖርሽ በ2016 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) 911 አር የተባለውን ሞዴል ሲያወጣ የሠራው 991 ብቻ ነበር። ባለ 500 ፈረስ ጉልበት፣ ያውም ማንዋል። ያኔ ጂቲ3 የተባለው ሌላው 911 በአውቶማቲክ ብቻ ስለነበር ማንዋል የናፈቀው ሁሉ አር ላይ ተረባረበ። ገዝተው የሚሸጡትም ከፋብሪካው ዋጋ ብዙ እጥፍ መጥራት ጀመሩ። በ2017 ፖርሽ ጂቲ3ን በማንዋልም አመጣው። የአር ገበያ በረደ። አንድም አር አልተጨመረም እኮ፤ የተጨመረው ለገዢው ሌላ አማራጭ ነው።

ጃጓር ኤክስጄ220ም አለላችሁ። 350 ሊሠራ ታስቦ 300 እንኳ አልሞላም። ግን በ1990ዎቹ መጀመሪያ ኢኮኖሚው ሲቀዘቅዝ፣ አትርፈን እንሸጣለን ብለው 50,000 ፓውንድ ቀብድ ካስያዙት ውስጥ ከውሉ ለመውጣት ፍርድ ቤት የደረሱ ነበሩ። ፌራሪ ኤፍ40 ደግሞ 400 ያህል ይሠራል ተብሎ ከ1,300 በላይ ተሠራ። ዛሬ ከጃጓሩ በእጥፍ ድርብ የሚሸጠው እሱ ነው። ስለዚህ «ስንት ተሠራ?» ብቻ አትበሉኝ። መኪናው ያለው ነገር ሌላ ቦታ ይገኛል ወይ? ነገ ፋብሪካው ይደግመዋል ወይ? እሱን ጠይቁ።

«አውቶማቲክ ከሆነ መኪና ሰብሳቢ አይፈልገውም።» ሌክሰስ ኤልኤፍኤ ማንዋል ኖሮት አያውቅም። አዲስ እያለ ገዢ አጥቶ የቆመ ነበር፤ ዛሬ ከአዲስ ዋጋው በላይ ይሸጣል።

«የራሴ ነው፣ ስፈልግ እሸጠዋለሁ።» ውሉን አንብቡ። ጂቲ የተባለውን የስፖርት መኪናዬን ቶሎ ሸጠብኝ ብሎ ፎርድ በ2017 የነፃ ትግል ተጫዋቹንና ተዋናዩን ጆን ሲናን ከሶታል።

«ያልተነዳ መኪና እንከን የለውም።» አንድ ደንበኛዬ ብዙም ያልተነዳ ፌራሪ ኤፍ355 ሊገዛ ወሰደኝ። ሻጩ ኪሎሜትሩን እያሳየ ይኮራል። ከሥር ስገባ ዘይት ያንጠባጥባል፣ ዘይት እንዳይወጣ የሚያሽጉት ጓርኒሲዮኖች ደርቀዋል፣ የሞተሩ ቺንጋ (ቀበቶ) ለዓመታት አልተነካም። በዚህ መኪና ቺንጋ ለመቀየር ደግሞ ሞተሩ መውረድ አለበት። ቺንጋና ጎማ ቆመውም ያረጃሉ። የጎማው ጎን ላይ ያለችውን ባለ አራት አሃዝ ቁጥር እዩ፦ 1419 ካለ በ2019 በ14ኛው ሳምንት የተመረተ ነው። ጎማው ካረጀ፣ ጥርሱ አዲስ ቢመስልም፣ የአራቱንም ዋጋ ከሒሳቡ ላይ አስቀንሱ።