የፈረንሳይና የጀርመን ወይን ጠጅ፦ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ምን ይላል?

ቡርጎኝ ከተባለው የፈረንሳይ አካባቢ የመጣ ወይን ጠጅ የገዛ ሰው ጠርሙሱን ቢያገላብጥ የወይኑን ዝርያ ስም ብዙውን ጊዜ አያገኝም። የሚያገኘው የመንደር ስም ነው፦ ፖማር፣ ቮልኔ፣ ሜርሶ። ቮልኔ ከተባለ ፒኖ ኗር የተባለው ቀይ ዝርያ መሆኑን ጠጪው እንዲያውቅ ይጠበቃል። የጀርመን ጠርሙስ ግን መንደሩን፣ ማሳውን፣ ዝርያውንና የፍሬውን ብስለት ሳይቀር ሊደረድር ይችላል። ሁለቱ አገሮች ጎረቤታሞች ቢሆኑም ጥሩ ወይን በምን ይለካል ለሚለው ጥያቄ የሰጡት መልስ ለየቅል ነው። ፈረንሳይ የምትመዝነው መሬቱን ነው፤ ጀርመን ደግሞ ለረጅም ዘመን የመዘነችው በጭማቂው ውስጥ ያለውን ስኳር ነው።

የፈረንሳይ ሥርዓት ከችግር የተወለደ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ከአሜሪካ የገባችው ፊሎክሴራ የተባለች ጥቃቅን ተባይ የወይኑን ሥር እየመጠጠች የአገሪቱን እርሻ አወደመች። ወይን ሲጠፋ አስመስሎ የሚሠራው በዛ፤ በታወቁ ቦታዎች ስም የሌላ አካባቢ ምርት ይሸጥ ጀመር። ገበሬዎች ስማችን ይጠበቅልን ብለው ከታገሉ በኋላ በ1935 (እ.ኤ.አ.) ሕጉ ወጣ። አፔላሲዮን ዶሪዢን ኮንትሮሌ ይባላል፤ ቁጥጥር የሚደረግበት የትውልድ ቦታ ስም እንደ ማለት ነው። ሕጉ የቦታውን ወሰን ያሰምራል፤ የትኛው ዝርያ እንደሚተከል፣ ከአንድ ሄክታር ምን ያህል እንደሚመረት፣ አልኮሉም ከስንት እንዳያንስ ይወስናል። ከ1936ቱ የመጀመሪያ ተመዝጋቢዎች አንዱ በሮን ሸለቆ የሚገኘው ሻቶኔፍ ዱ ፓፕ ነው።

ሌላው የፈረንሳይ የወይን አካባቢ ቦርዶ ከዚያ በፊት የራሱ ደረጃ ነበረው። ናፖሊዮን ሦስተኛ ለ1855ቱ የፓሪስ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን የወይን ቤቶች ዝርዝር እንዲዘጋጅ ሲጠይቅ የከተማው ደላሎች ቤቶቹን በገበያ ዋጋቸው በአምስት እርከን ደለደሏቸው። ዝርዝሩ እስከ ዛሬ ይሠራል። ላፊት፣ ላቱር፣ ማርጎና ኦ ብሪዮን አንደኛ ሲሆኑ፣ ሙቶን ሮትሺልድ በ1973 ከሁለተኛ ወደ አንደኛ ከፍ ብሏል። አካባቢውን ከሚያቋርጠው ወንዝ በስተግራ ባለው ጠጠራማ መሬት ካበርኔ ሶቪኞን ይበዛል፤ በስተቀኝ ባለው ሸክላማ አፈር ሜርሎ ይበረታል። እኛ አገር ዝዋይ (ባቱ) ላይ ወይን ያለማው ካስቴልም የቦርዶ ኩባንያ ነው። ከእሱ ጠርሙሶች ላይ የምናነባቸው ሜርሎና ካበርኔ ሶቪኞን የቦርዶ፣ ሲራ የሮን፣ ሻርዶኔ የቡርጎኝ ልጆች ናቸው።

ቡርጎኝ ሲደርሱ ነገሩ ይገለበጣል። በቦርዶ ደረጃው የቤቱ ነው፣ እዚህ ግን የማሳው። ከታች የአካባቢው ስም፣ ቀጥሎ የመንደሩ፣ ከዚያ ፕሪሚየር ክሩ፣ ከሁሉ በላይ ግራን ክሩ ይመጣል። የሲስተርሲያን መነኮሳት በድንጋይ አጥር ያጠሩትን ክሎ ደ ቩዦን እንውሰድ። ወደ 50 ሄክታር የሚጠጋው ይህ አንድ ማሳ ሰማንያ ለሚሆኑ ባለቤቶች ተሸንሽኗል፤ ሁሉም ጠርሙሳቸው ላይ ግራን ክሩ ብለው ይጽፋሉ። ከላይ ያለው ቁልቁለት ውኃ አይዝም፤ ከመንገዱ ዳር ያለው ዝቅተኛ ክፍል ግን ይረጥባል። ስለዚህ ቡርጎኝ ላይ ከማሳው ስም ይልቅ የአምራቹን ስም ማወቅ ገንዘብን ያድናል ብዬ አምናለሁ።

በፈረንሳይና በጀርመን መካከል ሲመላለስ የኖረው አልዛስ የሁለቱን ጠባይ ይዟል። 51 ግራን ክሩ ማሳዎች አሉት፤ ነገር ግን ሪስሊንግ ወይም ጌቩርትስትራሚነር ብሎ ዝርያውን በግልጽ ይጽፋል።

ጀርመን 13 የወይን አካባቢዎች አሏት። ትልቁ ራይንሄሰን ነው፤ ስመ ጥሮቹ ሞዘልና ራይንጋው ናቸው፤ አርና ባደን ደግሞ ሽፔትቡርጉንደር ብለው በሚጠሩት ፒኖ ኗር ይታወቃሉ። አገሩ ብርድ ስለሆነ የገበሬው የዘመናት ጭንቀት ፍሬው ይበስል ይሆን ወይ የሚል ነበር። ለዚህ ነው በሞዘል ሪስሊንግ ቀጥ ባለ ዳገት ላይ፣ ቀን ሙቀት ይዞ ማታ በሚመልስ ጥቁር ስንጥቅጥቅ ድንጋይ መካከል የሚተከለው።

የ1971ዱ ሕግም ደረጃውን ከዚሁ ጭንቀት ጋር አሰረው። ፈርዲናንድ ኦክስሌ በተባለ ወርቅ ሠሪ ስም የሚጠራ መለኪያ አለ፦ አንድ ሊትር ጭማቂ 1,085 ግራም ከመዘነ 85 ኦክስሌ ይባላል። በዚህ ልኬት ካቢኔት፣ ሽፔትሌዘ፣ አውስሌዘ፣ ቤረንአውስሌዘ፣ በመጨረሻም እንደ ዘቢብ ከተጨማደደ ፍሬ የሚጨመቀው ትሮክንቤረንአውስሌዘ ይከተላሉ። በሞዘል ሪስሊንግ የታችኛው 70፣ የላይኛው 150 ይጠይቃል። በእነዚህ ወይኖች ሁሉ ጭማቂው ላይ ስኳር መጨመር ክልክል ነው። አይስቫይን የሚለቀመው ደግሞ ፍሬው በግንዱ ላይ እያለ ከዜሮ በታች 7 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ነው፤ ውኃው በመጭመቂያው ውስጥ በረዶ ሆኖ ሲቀር ማር የመሰለው ጭማቂ ብቻ ይወርዳል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ኦክስሌ የሚለካው በለቀማ ጊዜ የነበረውን ስኳር እንጂ ጠርሙሱ ውስጥ የቀረውን አይደለም። ስኳሩ ሁሉ ወደ አልኮል ከተለወጠ ሽፔትሌዘም ደረቅ ይሆናል፤ ትሮክን የሚለው ቃል ይህንኑ ይናገራል።

የ1971ዱ ሕግ ግን መሬቱን በድሏል። በሞዘል ዳር ፒስፖርት የምትባል መንደር አለች። ፒስፖርተር ጎልድትሮፕፍሸን የአንድ ድንቅ ዳገት ስም ነው፤ ትርጉሙም የወርቅ ጠብታ። ፒስፖርተር ሚኸልስበርግ ደግሞ የብዙ መንደሮችን ማሳ፣ ሜዳውንም ጭምር ያጠቃለለ ሰፊ ክልል ነው። በጽሑፍ ግን ሁለቱ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ገዢው በምን ይለያቸው? በ1910 የተመሠረተው ፋው ዴ ፔ የተባለው የአምራቾች ማኅበር ይህን ለማረም የቡርጎኝን የሚመስል ባለ አራት እርከን መሰላል በ2012 አወጣ፤ ከላይኛው ማሳ የሚገኘው ደረቅ ወይን ግሮሰስ ገቬክስ ይባላል። መንግሥትም በ2021 ፊቱን ወደ መሬቱ አዙሯል። ከ2026 ምርት ጀምሮ እንደ ሚኸልስበርግ ያሉ ሰፊ ክልሎች በስማቸው ፊት ሬጊዮን የሚል ቃል እንዲጽፉ ይገደዳሉ፤ የፒስፖርትንም ስም መያዝ አይችሉም።