ልቤ ከአንተ ጋር አልሄደምን?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አንዲት እናት ያዙኝ። ልጃቸው ቤሩት ሰው ቤት ትሠራለች። «ልጄ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሆዴን ባር ባር ሲለኝ አደረ። ጠዋት ስትደውል ለካስ ታማ ኖሯል» አሉኝ። ከዚያ «ነፍስ ከነፍስ ጋር ትነጋገራለች እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ።

ወጣቶቹም ይህንኑ ይጠይቁኛል፤ እነሱ ግን ከቲክቶክ ያገኙትን ይዘው ነው። «የሁላችንም ንቃተ ኅሊና አንድ ነው፤ ሁላችንም የአንድ ውቅያኖስ ጠብታ ነን» ይላሉ። ሲሰሙት ደስ ይላል። የእኛ ትምህርት ግን አይደለም።

እናትየዋን ላስተባብል አልፈልግም። ግን ሆዳቸውን ባር ባር እያላቸው ልጅቷ በሰላም ያደረችባቸው ሌሊቶችም ይኖራሉ። እነዚያን ማን ያወራቸዋል? እምነታችንን እዚህ ላይ ባንተክል ይሻላል።

አባቶቻችን ነፍስን ለባዊት፣ ነባቢት፣ ሕያዊት ይሏታል። ታስባለች፣ ትናገራለች፣ ሕያው ናት። ልብ፣ ቃልና እስትንፋስ አላት፤ ግን አንዲት ነፍስ ናት። ምሥጢረ ሥላሴን ሲያስተምሩም ምሳሌ የሚያደርጓት እሷን ነው። እንዲህ ያለች ነፍስ ባሕር ውስጥ ገብታ የምትጠፋ ጠብታ አይደለችም። ለሥራዋ ራሷ ትጠየቃለች። ውስጧም ማንም ዘው ብሎ የሚገባበት ቤት አይደለም። ቅዱስ ጳውሎስ በሰው ውስጥ ያለውን ከራሱ ከሰውየው መንፈስ በቀር የሚያውቅ እንደሌለ ይነግረናል (1ኛ ቆሮ. 2፥11)።

ታዲያ ነቢዩ ኤልሳዕስ? ትሉኝ ይሆናል። አገልጋዩ ግያዝ ኤልሳዕ ከለምጽ ያዳነውን የሶርያ ሹም ንዕማንን ተከትሎ ሮጠ። ዋሽቶ ሁለት መክሊት ብርና ሁለት መለወጫ ልብስ ተቀበለ፤ ቤት አግብቶ ደበቀው። «የትም አልሄድኩም» ሲል ጌታው «ልቤ ከአንተ ጋር አልሄደምን?» አለው (2ኛ ነገ. 5፥26)። የነቢዩ ልብ ከአገልጋዩ ጋር መንገድ ሄደ! ቢሆንም ኃጢአቱ የግያዝ ነው፤ ለምጹም የመጣው በእሱ ላይ ነው።

አሁን አንድ ምዕራፍ ወደ ኋላ ገልጡ። ሱነማዊቷ ሴት ልጇ ሞቶባት ወደ ኤልሳዕ ትገሰግሳለች። ኤልሳዕ ከሩቅ ያያታል፣ ደኅንነቷን ያስጠይቃል፤ እሷም «ደኅና» ትላለች። መጥታ እግሩን ስትይዝ ግያዝ ሊገፈትራት ቀረበ። ኤልሳዕ ግን ተዋት፣ ነፍሷ አዝናለች፣ እግዚአብሔር ነገሩን ከእኔ ሰውሮታል አለ (2ኛ ነገ. 4፥27)። ያው ነቢይ ነው። የሌባውን ነገር አወቀ፣ የእናቲቱን አላወቀም። የሰው ልብ ለልብ በተፈጥሮው የተያያዘ ቢሆን ኖሮ የዚያች እናት ጩኸት ቀድሞ በደረሰው ነበር! እግዚአብሔር ሲገልጥለት ያያል፤ ሲሰውርበት እንደ እኔና እንደ እናንተ ፊት አይቶ ይገምታል። ባያውቅም ግን አላባረራት፤ ተነሥቶ ተከተላት።

ነፍሳት አይገናኙም ማለቴ አይደለም። የዮናታን ነፍስ በዳዊት ነፍስ ታስራ ነበር። ያመኑትም አንድ ልብና አንዲት ነፍስ ነበራቸው ተብሏል (ሐዋ. 4፥32)። ወዲያው የሚከተለው ግን ስለ ሐሳብ ንባብ አይደለም፤ ማንም ገንዘቡን «የእኔ ነው» አላለም ነው የሚለው። አንድ ልብ መሆናቸው የታየው በኪሳቸው ነው።

በቅዳሴም «ሀበነ ንኅበር በዘዚአከ መንፈስ ቅዱስ» እንላለን፤ በአንተ በመንፈስ ቅዱስ አንድ እንሆን ዘንድ ስጠን። «ስጠን» ነው የምንለው። በእጃችን ያለውን ማን ይለምናል?

ለእናትየዋ ይህን ሁሉ አላወራሁላቸውም። «እማማ፣ ያን ሌሊት ምን አደረጉ?» አልኳቸው።

«ምን አደርጋለሁ? ተነሥቼ በክርስትና ስሟ እየጠራኋት ስጸልይ ነጋ።»

ጠዋት ስልኩ ሲጮህ ስለ ባር ባሩ አላነሡላትም። «እህል ቀመስሽ?» ነው ያሏት።