የባቡር ፍንጣሪ እና የገበሬው ማሳ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የእንፋሎት ባቡር የድንጋይ ከሰል እየበላ ፍም ይተፋ ነበር። ፍሙ ሐዲድ ዳር ያለ ማሳ ላይ ሲያርፍ ካሳውን ማን ይከፍላል? በእንግሊዝ ሕግ መልሱ ብዙ ሰው እንደሚገምተው አልነበረም። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ያቃጠለ ይከፍላል፤ ምን ያከራክራል?»

አከራክሯል። ዌልስ ውስጥ የታፍ ቬል ባቡር ፍንጣሪ የአንድ ባለይዞታን ጫካ አቃጠለ። በ1860 የይግባኝ ዳኞች ኩባንያውን ነፃ አወጡት፦ ሎኮሞቲቭ እንዲያንቀሳቅስ ፓርላማ ፈቅዶለታል፣ ጥንቃቄም አላጓደለም። በ1868 ግን የእንፋሎት ፈቃድ ያልነበረው የፌስቲንዮግ ባቡር ቸልተኛ ባይሆንም ክፈል ተባለ። እሳቱ አንድ ዓይነት ነው፤ የለያቸው ፈቃዱ ነው።

«ፈቃድ ካለው እንግዲህ ማንም አይነካውም»

ይነካዋል፣ ቸልተኝነቱ ከተረጋገጠ። በአንድ ደረቅ ነሐሴ ሠራተኞች ሐዲዱ ዳር ያለውን ሣርና ቁጥቋጦ አጭደው እዚያው ከምረው ተዉት። ክምሩ ለሁለት ሳምንት ያህል ደረቀ። ባቡር ባለፈ ጥቂት ቆይቶ እሳት ተነሣ፤ ነፋሱ በታጨደው ማሳ ላይ ነዳው፣ መንገድ አሻገረው፣ 180 ሜትር ገደማ ርቃ የነበረች ጎጆ አቃጠለ። ኩባንያው «እዚያ ድረስ ይደርሳል ብሎ ማን ይገምታል?» አለ። ዳኞቹ በ1870 አልተቀበሉትም፦ ቸልተኛ ከሆንክ ርቀቱ አያድንህም።

«ገበሬው ራሱ ምርቱን ማራቅ ነበረበት»

የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1914 አይደለም ብሏል፤ ጉዳዩ ሚኔሶታ ውስጥ ሐዲድ አጠገብ ተከምሮ የተቃጠለ የተልባ ገለባ ነው። ሰው በገዛ መሬቱ የሚያደርገው በባቡሩ ቸልተኝነት አይገደብም። ከዚያው ፍርድ ቤት ዳኞች አንዱ ሆምስ ግን ደንብ ጠብቆ የሚሄድ ባቡር እንኳ ሊያቃጥለው በሚችል ቅርበት የከመረ ሰው ኪሳራውን ራሱ ይሸከም ባይ ነበሩ። እኔም ወደ እሳቸው አደላለሁ።

«ገበሬው የተጎዳው መንግሥት ዝም ስላለ ነው»

ኢኮኖሚስቱ ፒጉ ይህን ፍንጣሪ መንግሥት ሊያርመው ለሚገባ ጉዳት ምሳሌ አድርጎት ነበር። ሌላው ኢኮኖሚስት ሮናልድ ኮዝ በ1960 የመለሰለት ባቡሩን ከካሳ ያዳነው የፓርላማው ፈቃድ ራሱ መሆኑን በማሳየት ነው።

«የ1905ቱ ሕግ ነገሩን ጨረሰው»

ይህ የእንግሊዝ ሕግ በእርሻ መሬትና በሰብል ላይ ለደረሰ ቃጠሎ፣ ቸልተኝነት ሳይረጋገጥም፣ እስከ 100 ፓውንድ ማስከፈል ፈቀደ፤ በ1923 ጣሪያው 200 ሆነ። ገበሬው ግን በሰባት ቀን ውስጥ በጽሑፍ ማሳወቅ ነበረበት። ደግሞ «ሰብል» የተባለው የቆመው፣ ወይም ታጭዶ ገና ማሳው ላይ የተኛው ብቻ ነው። ነዶው ከተከመረ በኋላ ቢቃጠል ይህ ሕግ አያውቀውም።