የታሚል ጥንታዊ የሰዋስው ትውፊት
የታሚል ሰዋስው፣ በቋንቋው አጠራር ኢላካናም፣ በደቡብ ህንድና በሰሜን ስሪ ላንካ በሚኖሩ ታሚሎች ዘንድ ከመምህር ወደ ተማሪ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ትምህርት ነው። ዛሬ በእጅ ካሉት መጻሕፍቱ ቀዳሚው ቶልካፒያም ነው። ከእርሱ በፊት ጠቢቡ አጋስትያ የደረሰው አጋቲያም የተባለ መጽሐፍ እንደነበር ይተረካል፤ ያ ግን ጠፍቷል። ይሁንና ቶልካፒያም ብዙዎቹን ድንጋጌዎች «ሊቃውንት ይላሉ» እያለ ስለሚያሳርግ፣ ከጀርባው የቆየ ትምህርት እንደነበረ አያጠራጥርም።

መጽሐፉ 1,600 ገደማ አጫጭር የግጥም አንቀጾችን የያዘ ሲሆን፣ ፊደል፣ ቃልና ነገር በሚሉ ሦስት ክፍሎች፣ እያንዳንዱም በ9 ምዕራፎች ተደራጅቷል። የመጀመሪያው ክፍል አናባቢን «ኡዪር» ማለትም ነፍስ፣ ተነባቢን «ሜይ» ማለትም አካል ይለዋል። 12 ነፍሳትና 18 አካላት ሲዋሐዱ 216 ሆሄያት ይወለዳሉ። ነፍስ የተለየው አካል በላዩ ነጥብ ይደረግበታል፤ ነጥቡም «ፑሊ» ይባላል። በእኛ ፊደል «ልብስ» ስንል ሳድሱ «ል» የአናባቢ ድምፅ ሲኖረው «ብ» እና «ስ» ግን እንደማይሰማባቸው አንባቢው በልማድ ያውቃል እንጂ ምልክት የለውም፤ የታሚል ሊቃውንት ይህን ልዩነት በነጥብ ወስነውታል።

ሁለተኛው ክፍል ቃላትን በስም፣ በግስ፣ በአገባብና በባሕርይ ገላጭ ቃል ይከፍላል። ስሞችን ደግሞ ሰዎችን በሚይዝ «ከፍ ያለ መደብ» እና እንስሳትንና ግዑዛንን በሚይዝ ሌላ መደብ ይለያል፤ ግሱም ይህን ተከትሎ ይረባል። ከሳንስክሪት፣ ከጥንታዊው የሰሜን ህንድ ቋንቋ፣ ስለሚመጡ ቃላት የሚሰጠው ትእዛዝ አጭርና ቆራጥ ነው፤ የሰሜኑን ፊደል ትተው በታሚል ፊደል ከተስማሙ ይገባሉ። ቋንቋው በር ሳይዘጋ ራሱን የጠበቀው በዚህ ሥርዓት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ትውፊቱን ከሌሎች ሁሉ የሚለየው ግን ሦስተኛው ክፍል፣ «ፖሩል» ማለትም ነገር ነው። እዚህ ላይ ሰዋስው ስለ ቅኔ ይዘት ይደነግጋል። የውስጥ የሆነውን ፍቅር «አካም»፣ የውጭ የሆነውን ጦርነትና ውዳሴ «ፑራም» ይለዋል። የፍቅር ቅኔ በአምስት ምድሮች ይመደባል፤ ተራራው ለመገናኘት፣ ዱሩ ለትዕግሥተኛ ጥበቃ፣ የእርሻው ሜዳ ለኩርፊያ፣ የባሕሩ ዳር ለሰቀቀን፣ ደረቁ ምድር ለመለያየት ነው። ተራራው የተሰየመው ኩሪንጂ በሚባለው፣ በ12 ዓመት አንድ ጊዜ በሚያብብ አበባ ነው። ስለዚህ ክፍል ክብደት የሚነገር አፈ ታሪክ አለ። በደቡብ ህንድ የምትገኘው የማዱራይ ከተማ ንጉሥ ከ12 ዓመት ረሃብ በኋላ ሊቃውንቱን ቢያስጠራ የፊደልና የቃል አዋቂዎች ተገኙ፤ የነገር አዋቂ ግን ጠፋ። ንጉሡም፣ ፊደልና ቃል የሚጠኑት ለነገር ሲባል ነው፣ ነገር ከሌለ እነዚያ ምን ይረቡናል ብሎ አዘነ። የሂንዱዎች አምላክ ሺቫም አዝኖለት 60 አንቀጾች በመዳብ ሰሌዳ ጽፎ ሰጠው ይባላል፤ 60ዎቹ አንቀጾች ዛሬም ይነበባሉ።

የቶልካፒያም ዘመን ያከራክራል። የታሚል ጥናት ምሁሩ ካሚል ዝቬሌቢል የመጽሐፉን ጥንታዊ ንብርብር ከክርስቶስ ልደት በፊት ወደነበሩት ሁለት መቶ ዓመታት ሲያደርስ፣ የጥንታዊ ጽሑፎች ተመራማሪው ኢራቫታም ማሃዴቫን ግን መጽሐፉ የፑሊን ነጥብ ስለሚያነሳ ከልደት በኋላ ከ2ኛው መቶ ዓመት አይቀድምም ብለዋል። እስከ 5ኛው መቶ ዓመትና ከዚያም ወዲህ የሚያወርዱትም አሉ። መጽሐፉ በአንድ እጅ ብቻ አልተጻፈም የሚለው አስተያየት ሚዛን የሚደፋ ይመስላል።

በ11ኛው መቶ ዓመት ቡድሂስቱ ቡድሃሚትራ ቪራሶሊያም የተባለውን የሰዋስው መጽሐፍ በሳንስክሪት ሰዋስው አምሳያ ጻፈ። በ13ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ገደማ የህንድ ሃይማኖት የሆነው የጃይን እምነት መነኩሴ ፓቫናንዲ ያዘጋጀው ናኑል፣ ፊደልንና ቃልን ብቻ ይዞ፣ ለመማሪያ ቀለል ያለ በመሆኑ በትምህርት ቤት ቶልካፒያምን ተክቶ ቆየ። ቶልካፒያምን ከመረሳት ያዳኑት ኢላምፑራናር፣ ሴናቫራይያር፣ ናቺናርኪኒያርና ሌሎችም አንድምታ ጸሐፊዎች ናቸው፤ ያለ እነርሱ ሐተታ አንቀጾቹን የሚፈታ አይገኝም ነበር።

በዘንባባ ቅጠል ሲገለበጥ የኖረው መጽሐፍ ለኅትመት የበቃው ክፍል በክፍል ነው። የፊደሉ ክፍል እ.ኤ.አ. በ1847 ታተመ፤ በሰሜን ስሪ ላንካ የጃፍና ተወላጅ የሆኑት ዳሞዳራም ፒላይ የቃሉን ክፍል ከሴናቫራይያር ሐተታ ጋር በ1868፣ የነገሩን ክፍል ደግሞ በ1885 አሳተሙ።