በትክትክ ክትባት ምርምር የተጣባቂ ፕሮቲኖች አንቲቦዲዎች

የትክትክ አምጪ የሆነው ቦርደቴላ ፐርቱሲስ በደም አይሰራጭም፤ የአየር ቧንቧን በሸፈኑት ሲሊያ በሚባሉ ጥቃቅን ፀጉሮች ላይ ተጣብቆ ይራባል። ለመጣበቅ በዋናነት ሦስት ፕሮቲኖችን ይጠቀማል፦ ፊላሜንተስ ሄማግሉቲኒን (ኤፍኤችኤ)፣ ፐርታክቲንና ፊምብሪያ (ዓይነት 2 እና 3)።

ባክቴሪያውን ቦርዴና ዣንጉ እ.ኤ.አ. በ1906 ብራስልስ ውስጥ ለይተው አወጡት። በ1930ዎቹ ፐርል ኬንድሪክና ግሬስ ኤልደሪንግ በሚሺጋኗ ግራንድ ራፒድስ የተገደለ ሙሉ ሴል ክትባት (መላውን ባክቴሪያ የያዘ) በጥንቃቄ ሠርተው ፈተኑ። ጃፓን በዩጂ ሳቶ ሥራ ላይ ተመሥርታ በ1981 ሴል አልባውን (ከባክቴሪያው ተጣርተው የወጡ ፕሮቲኖችን ብቻ የያዘውን) ክትባት ጀመረች።

ስለ ተጣባቂ ፕሮቲኖች አብዛኛው እውቀት የተገኘው ከ1990ዎቹ የአውሮፓ ሙከራዎች ነው። በስዊድን ጎተቦርግ ባክቴሪያው የሚያመነጨውን የትክትክ መርዝ ጉዳቱ ተወግዶ ብቻውን የያዘው ክትባት 71 በመቶ ተከላከለ። በ1996 በታተመው ሌላ የስዊድን ሙከራ መርዙንና ኤፍኤችኤን የያዘው 58.9 በመቶ፣ ፐርታክቲንና ፊምብሪያ የተጨመሩበት ባለ አምስት ክፍሉ ደግሞ 85.2 በመቶ ተከላከለ። በዚያው ዓመት በወጣው የጣሊያን ሙከራ ፐርታክቲንን ያካተቱት ባለ ሦስት ክፍሎች 84 በመቶ ገደማ ደረሱ። ለንጽጽር የቀረበው ሙሉ ሴል ክትባት በስዊድን 48.3፣ በጣሊያን 36 በመቶ ብቻ ነበር። ይህን ይዞ ሙሉ ሴል ክትባትን በጅምላ መናቅ ግን አይገባም፤ ሌሎች አምራቾች የሠሯቸው እጅግ የተሻለ ውጤት አስመዝግበዋል።

በ1998 የወጡ ትንተናዎች ቤት ውስጥ ለትክትክ የተጋለጡ ሕፃናትን ሴረም (አንቲቦዲ የሚገኝበትን የደም ፈሳሽ ክፍል) መረመሩ። የፐርታክቲንና የፊምብሪያ አንቲቦዲ ከፍ ያለላቸው በበሽታው የመያዝ ዕድላቸው ዝቅተኛ ሆኖ ተገኘ፤ የኤፍኤችኤ አንቲቦዲ ግን ይህን ያህል ግንኙነት አላሳየም። ያም ሆኖ «ከዚህ በላይ ከሆነ ይጠብቃል» የሚባል፣ ዓለም የተስማማበት መጠን እስካሁን የለም።

የአንቲቦዲው ልኬት በኤላይዛ (አንቲቦዲን በቀለም ለውጥ በሚለካ የላቦራቶሪ ፈተና) ይከናወናል። የተጣራው ፕሮቲን በሚሊ ሊትር ከ1 እስከ 2 ማይክሮግራም ሆኖ በካርቦኔት በፈር (ፒኤችን በሚያረጋጋ ፈሳሽ፣ ፒኤች 9.6) ባለ 96 ጉድጓድ ሳህን ላይ በ4 ዲግሪ ያድራል። ሳህኑ 0.05 በመቶ ትዊን (ሳሙና መሰል ንጥረ ነገር) ባለው ጨዋማ በፈር ይታጠባል፣ ባዶው ቦታ በአልቡሚን ይሸፈናል፤ ሴረሙም በተከታታይ እየቀጠነ ይጨመራል። ከዚያ ኢንዛይም የተያያዘበት ፀረ አይጂጂ (አይጂጂ የተባለውን ዋና የደም አንቲቦዲ ዓይነት የሚይዝ) ይከተላል፣ ቀለሙም ይነበባል። ውጤቱ 06/140 ከተባለው ዓለም አቀፍ መለኪያ ሴረም ጋር ካልተነጻጸረ የሁለት ላቦራቶሪዎችን ቁጥር ጎን ለጎን ማቅረብ ያሳስታል። የዚህ መለኪያ አንድ አምፑል 130 ዩኒት የኤፍኤችኤና 65 ዩኒት የፐርታክቲን አይጂጂ ይዟል።

ስህተት የሚበዛው ኤፍኤችኤ ላይ ነው። ፕሮቲኑ ሲጣራ የትክትክ መርዝ ቅሪት አብሮት ይመጣል፤ በቦርደቴላ ፓራፐርቱሲስ (በትክትክ አምጪው የቅርብ ዘመድ ባክቴሪያ) የተያዘ ሰው ሴረምም ከፍ ያለ ንባብ ሊሰጥ ይችላል። ለአግሉቲኔሽን (አንቲቦዲ ባክቴሪያዎችን አጣብቆ ማርጋቱ ለሚታይበት ፈተና) የሚያድገው ባክቴሪያም ጥንቃቄ ይሻል፦ በ25 ዲግሪ ካደገ፣ ወይም ማግኒዚየም ሰልፌት ከበዛበት፣ ተጣባቂ ፕሮቲኖቹን ማምረት ያቆማል፤ ያኔ ምርጥ ሴረም እንኳ በደንብ ላያረጋው ይችላል።

ኤላይዛ መጠንን እንጂ ሥራን አያሳይም። በ2003 የታተመ የኔዘርላንድ ጥናት እንዳሳየው ነጭ የደም ሴሎች ባክቴሪያውን እንዲውጡ የሚያደርገው ወሳኙ አንቲቦዲ የፐርታክቲን ነው። ስለዚህ የመዋጥና የመጣበቅ ክልከላ ፈተናዎች ከኤላይዛ ጎን መቆም አለባቸው።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ሙሉ ሴል የትክትክ ክትባት ያለበትን ፔንታቫለንት (አምስት በሽታዎችን በአንድ የሚከላከል ክትባት) በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት ትሰጣለች። ይህ ሕፃኑን ከአንድ ሳይሆን ከብዙ የባክቴሪያው ፕሮቲኖች ጋር ያስተዋውቃል።

ሴል አልባ ክትባት በሚጠቀሙ አገሮች በተለይ በአሜሪካና በአውስትራሊያ ፐርታክቲን የማያመርቱ ዝርያዎች በዝተዋል። የክትባቱ ጫና ሳይሆን አይቀርም፤ ክትባቱ ግን በነሱም ላይ ይሠራል። እነዚህን ዝርያዎች ለመለየት የፐርታክቲን ጂን መኖሩን በፒሲአር (ዲኤንኤን አባዝቶ በሚፈልግ ፈተና) ማየት ብቻ አይበቃም፦ አይኤስ481 የተባለው ተንቀሳቃሽ ቁራጭ መሐሉ ሲገባ ጂኑ እያለ ፕሮቲኑ አይመረትም። ማረጋገጫው ፕሮቲኑን ራሱን በዌስተርን ብሎት (ፕሮቲኖችን ለይቶ በአንቲቦዲ በሚያሳይ ፈተና) ወይም በኤላይዛ መፈለግ ነው።