ፓራፕሌጂያ ምንድን ነው?

አጎቴ ኮምቦልቻ ውስጥ ጫኝና አውራጅ ነበር። ከጭነት መኪና ላይ ወድቆ ጀርባውን ተጎዳ። ደሴ ታክሞ ሲመለስ ወረቀቱ ላይ «ፓራፕሌጂያ» የሚል ቃል ነበር። አክስቴ ወረቀቱን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ጎረቤቱን ሁሉ ጠየቀች። አንዱ «ሽባ ማለት ነው» አላት፤ ቤት ገብታ አለቀሰች።

ሽባ የሚለው ቃል እጅንም እግርንም ይጠቀልላል፤ ሰውየውንም አብሮ ይጥለዋል። ፓራፕሌጂያ ግን ልክ አለው፦ ሁለቱ እግሮች፣ አንዳንዴም ከደረት በታች ያለው አካል አይታዘዝም፤ እጆች ግን ደህና ናቸው። እጆችም ከተያዙ ቴትራፕሌጂያ፣ አንድ ጎን ብቻ ከሆነ ሄሚፕሌጂያ ይባላል።

ቃሉ የግሪክ ነው። «ፓራ» አጠገብ ወይም ጎን፣ «ፕሌጌ» ምት። እኛ «ምች መታው» እንደምንለው፣ እነሱም ሕመሙን እንደ ዱላ ቆጥረውታል። ድሮ የአንድ ጎን መመታትንም ይሉበት ነበር፤ ለሁለቱ እግሮች የተለየው በኋላ ነው።

የተጎዳው እግሩ አይደለም። በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ሀረጎ ላይ መንገዱ ቢናድ ሁለቱም ከተሞች ባሉበት አሉ፤ የጠፋው መገናኛው ነው። በአከርካሪ ውስጥ የሚወርደው ኅብለ ሰረሰር ሲጎዳ የአንጎል ትእዛዝ ወደ እግር አይወርድም፣ የእግር ስሜትም ወደ ላይ አይወጣም። ሽንትን መቆጣጠርም አብሮ ይታወካል። ጉዳቱ ከፊል ከሆነ ግን የተወሰነ ስሜት ወይም እንቅስቃሴ ይተርፋል።

መንስኤው መውደቅና የመኪና አደጋ ብቻ አይደለም። የአከርካሪ ቲቢም ያደርሳል፤ እሱ ቶሎ ከተያዘ መድኃኒት አለው፣ ስለዚህ የማይለቅ የጀርባ ሕመም ያለው ሰው ይመርመር። በድርቅ ዘመን ጓያን ለወራት ዋና ምግብ ማድረግም እግርን ያደርቃል። «ጓያ ሰበረው» የሚባለው ይኸው ነው። ብዙ ሰው የሚፈራው እንፋሎቱን ነው፤ ጉዳቱ ግን ከመብላቱ ነው።

በ1948 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ሐኪሙ ሉድቪግ ጉትማን እንግሊዝ ውስጥ ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል 16 ጉዳተኞችን ቀስት አወዳደረ። የአካል ጉዳተኞች ኦሊምፒክ የሚባለው ፓራሊምፒክ የተወለደው ከዚያ ነው።

አጎቴ ወሬ እያወራ መሀል ላይ በሁለት እጁ ተደግፎ ከተሽከርካሪ ወንበሩ ብድግ ይላል፤ ቆዳው ሳይሰማው እንዳይቆስል ነው። አክስቴም ሰው ሲጠይቃት፣ «ጀርባው ላይ ተመቶ ነው፤ እግሩ አይታዘዘውም፣ እጁ ደህና ነው» ትላለች።